የአባዬ መኪና የኋላ ላሜራ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጋራዡም ደህና ነው። መልስ ስላዘገየሁ አትቆጣኝ። የአውቶቡሱ ሾፌር ታሞ ተኝቶ ነበርና ደብዳቤዬን አምኜ የምሰጠው ሰው አጣሁ። ስልክማ እንደማይሆን አውቄዋለሁ። ባለፈው ስደውል "ማን? ማን?" ብለህ ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ዕድሜውን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቀጥ የሰማ ጆሮ ምን ይደረግ! እንዲህ እየተጻጻፍን እንከርማለን እንጂ።

"ደረሰ ወይ?" ላልከኝ፣ ደርሷል። ወንድሜ ጋሼ ያዘዘው የኋላ ላሜራ ትናንት በካርቶን ተጠቅልሎ መጣ። በሁለቱ የኋላ መብራቶች መሃል ያለው፣ ከዕቃ መጫኛው ክዳን ሥር እስከ መከላከያው የሚወርደው ሙሉ ገጽ ነው። ጥቁር ተቀብቷል፤ ዘይት ዘይት ይሸታል። አንድ ጠርዙ መንገድ ላይ ተመትቷል፤ እሱ ይቃናል።

መኪናህ አሁንም ጋራዡ መሃል በእንጨት ላይ ቆማለች። ጋሼ ያን ቀን ወደኋላ ሲነዳ ከግቢው በር ቋሚ ጋር ካላተማት ወዲህ ማንም አልነካትም። ጀርባዋ እንደተጨማደደ ወረቀት ሆኗል። በአጠገቧ ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው። ጋሼ ደውሎ "ለጥር ወር ትርኢት መድረስ አለባት" ብሎኛል። እናንተ ከተማ የጥንት መኪና ወዳጆች ትልቅ ትርኢት አላቸው አሉ፤ እሷንም አስመዝግቧታል።

ማን ይሠራታል ለሚለው ጥያቄህ፣ ረጅሙን አነጋግረዋለሁ። ካስተማርካቸው ሁሉ የምታምነው እሱን አይደል?

ደንበኛ አለ ወይ ብለሃል። ይመጣሉ። በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን ወደ ውስጥ ያሰግጉና "ሽማግሌው የሉም?" ይላሉ። "የሉም፣ እኔ አለሁ" እላቸዋለሁ። "እንግዲያው ሲመጡ እንመለሳለን" ብለው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ይቆያል፤ ብዙው አይቆይም።

ጎረቤታችን ቀለም ቀቢው ሰላም ብሎሃል። ያወጣህለት "ፈጣኑ" የሚለው ስም እንደጸና ነው። አንድ በር ለመቀባት አሁንም ሳምንት ይፈጅበታል።

ልጅህ


ጥቅምት 15

ይድረስ ለልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? እኔ አለሁ። ወንድምሽም ምራቴም ደህና ናቸው። ፊደሌ ቢንቀጠቀጥብሽ እጄን ታውቂዋለሽ፤ እያገናዘብሽ አንብቢው።

ክፍሌ እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። ጥሩ ነው። ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱም ሰፊ ነው። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ነው። ምራቴ ጥሩ ሴት ናት፣ ክፉ አይወጣትም፤ ብቻ ከውጭ ስገባ እግሬ ሥር ጋዜጣ ታነጥፋለች። ባለፈው የቁም ሣጥኑን በር ላቃና ብዬ መዶሻ ብጠይቅ በዚህ ቤት መዶሻ የለም። እስቲ አስቢው፣ መዶሻ የሌለበት ቤት!

አሁን ስለ መኪናዋ ስሚኝ። አንቺ እንዳትቆርጪያት። ረጅሙ ይምጣና እሱ ይቁረጥ። አንቺ ያዢለት፣ አቀብዪው፣ ሻይ አፍዪለት። ክፋት አይደለም። የኋላ ላሜራ እንደ በር ፈትተሽ የምትመልሺው ነገር አይደለም። ከሁለቱ ጎኖችም ከወለሉም ጋር በብየዳ የተያያዘ ነው፤ እሱ ሲነሣ መኪናዋ ቀበቶውን እንደፈታ ወፍራም ሰውዬ ዘርጠጥ ትላለች።

ለረጅሙ እንዲህ በይው፦ ሳይቆርጥ በፊት ከግራው የላይ ማዕዘን ወደ ቀኙ የታች፣ ከቀኙ የላይ ወደ ግራው የታች በገመድ ይለካ። ሁለቱ ገመዶች እኩል ካልመጡ ሻንሲዋ ተገፍቷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይሳብ። ጎኖቿ እንዳይከፈቱ በመሃላቸው ብረት ይበየድ። የድሮውን ብየዳ በመሰርሰሪያ ነጥብ በነጥብ ያንሣው። በመሮ እንዳይገነጥለው፤ ከሥር ያለው ላሜራ ይቀደድበታል። ችኮላ የለም በይው።

ካርቶን ውስጥ የመጣ ላሜራ አልወድም። ሥዕሉ ላይ ይገጥማል፣ መኪናው ላይ ሲደርስ ይለግማል።

ደንበኞቹን ደግሞ "አባቴ በቅርቡ ይመጣል" በያቸው፣ እንዳይሸሹ።

አባትሽ


ኅዳር 2

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ነህ? የመዶሻው ነገር አሳቀኝም አሳዘነኝም። በሾፌሩ በኩል አንድ ትንሽ መዶሻ ልኬልሃለሁ፤ ትራስህ ሥር ደብቃት።

"ረጅሙን አገኘሽው ወይ?" ላልከኝ፣ አግኝቼዋለሁ። ደህና ነው። "ለጌታዬ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ" ብሏል።

አሮጌው ላሜራ ተነሥቷል። ገመዱ ተለካ፤ ያልከው አልቀረም፣ የቀኙ የሻንሲ ጫፍ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ተገኘ። በሰንሰለት ቀስ ተብሎ ተሳበ፣ ገመዶቹ እኩል እስኪመጡ ድረስ። የድሮው ብየዳ በመሰርሰሪያ ተነሣ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ መሰርሰሪያው ጠልቆ የሥሩን ላሜራ በሳው፤ ተሞልቶ ተስተካክሏል፣ አታስብ።

አዲሱ ላሜራ ግን እንደፈራኸው ነው። ሲሞከር በቀኝ በኩል ልክክ አለ፤ በግራ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። የግራው መብራት ቀዳዳም ወደ ታች ወርዷል። መኪናዋ አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ የምታሾፍብን መሰለች። ፈጣኑ መጥቶ አየና "ይሄ ላሜራ ለሌላ መኪና ተወልዶ ለዚህች በጉዲፈቻ የተሰጠ ነው" አለ።

የመብራቱ ቀዳዳ ይቆረጥ ወይስ ላሜራው ራሱ ይዘርጋ? ሳትመልስልኝ ምንም አይነካም።

ደብዳቤዬ ለምን አጠረ ትለኝ ይሆናል። ምንም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ስለምቆም ማታ እጄ እሺ አይለኝም።

ልጅህ


ኅዳር 14

ይድረስ ለልጄ፣

መዶሻዋ ደርሳኛለች። አንቺ ልጅ! ከምራቴ ሰውሬ ካልሲ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ቀዳዳውን እንዳትነኩ! ቀዳዳው ምን በደለ? ላሜራው ቦታውን ከመብራቱ አይወስድም፤ ከክዳኑ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ የኋላ ክዳኑን መልሱና አንጠልጥሉት፣ ይዘጋ። ከዚያ ላሜራውን ከክዳኑ ሥር አስጠግቶ በመቆንጠጫ መያዝ ነው። በክዳኑና በላሜራው መካከል ያለው ክፍተት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሲሆን የቀረውን ያኔ ታዩታላችሁ። ግራው አልደርስ ካለ የታጠፈው ከንፈሩ ነው የሚቀጠቀጠው፤ ከሥሩ ብረት ተደግፎ፣ በትንሿ መዶሻ፣ እየደባበሱ። ከንፈሩ ሲዘረጋ ላሜራው ወደ ላይ ይመጣል፣ መብራቱም ቦታውን ያገኛል።

ሲበየድ ደግሞ እንደ ልብስ ስፌት ከአንድ ጫፍ ጀምሮ መሄድ የለም። አንድ ነጥብ ግራ፣ አንድ ነጥብ ቀኝ፣ አንድ መሃል፤ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አድርጎ ማብረድ። እሳት ላሜራን ይጠራዋል፣ ያጣምመዋል፤ ከጠራው ደግሞ አይመለስም።

ይህን ሁሉ ረጅሙ ያውቀዋል፣ ግን ይስማው። አንቺም ከጎኑ ሆነሽ እይ፣ ለማወቅ ያህል።

ወንድምሽ እሑድ እሑድ እነዚያ የመኪና ወዳጆቹ ዘንድ ይወስደኛል። ትከሻዬን ይዞ አንድ ነገር ይነግራቸዋል፤ እነሱም እጄን ይጨብጡኛል። የሚሉትን ስለማልሰማ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጥሩ ሰዎች ይመስላሉ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለልጄ፣

ላሜራው ከተገጠመ በኋላ የላክሻቸው ፎቶዎች ደረሱኝ። በአጉሊ መነጽር ሳያቸው ዋልኩ፤ ምራቴ ዓይኔን ያመመኝ መስሏት ሐኪም ልትጠራ ነበር።

ልጄ፣ ይሄ ሥራ ነው! የክዳኑን ክፍተት አየሽው? በክር የተሰመረ ነው የሚመስለው። የግራው ከንፈር የት ጋ እንደተዘረጋ ፈልጌ አጣሁት። ደግሞ አንድ ማንኪያ ስቱኮ አልተቀባበትም። ዛሬ ያለው ሠራተኛ ጉድጓዱን በስቱኮ ደፍኖ ነው የሚያስረክብሽ፤ እዚህ ላይ ግን ላሜራው ራሱ ነው የሚታየው፣ ራቁቱን።

ለረጅሙ ንገሪው፤ እጁ ይባረክ በይልኝ። አጠገቤ ቢሆን እስመው ነበር። ስንቱን አስተማርኩ፣ ስንቱ ጥሎኝ ሄደ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ወጥቶልኛል። አሁን ብሞትም ይህ እጅ ከኔ ጋር አይቀበርም እያልኩ ነው የተኛሁት።

አንቺም በርትተሻል፤ ይዘሽለታል፣ አቀብለሽዋል። እሱም ሥራ ነው።

አባትሽ


ታኅሣሥ 15

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ነህ? ሳልህ ለቀቀህ ወይ?

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ከነከነኝ። ስለዚህ ልንገርህ፤ ብትቆጣም ተቆጣ።

ረጅሙ አልመጣም። አንድም ቀን እዚህ ጋራዥ አልረገጠም። ልለምነው እሱ ዘንድ ሄጄ ነበር። መኪና ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

"የአባዬን መኪና የኋላ ላሜራ ትገጥምልኛለህ?" አልኩት።

"የሽማግሌውን መኪና? እኔ?" አለ ሳይወጣ። "ባበላሻት በእግራቸው መጥተው ነው የሚገድሉኝ።"

"እንግዲያው ማን ይሥራት?"

ያኔ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝና "ትቀልጃለሽ እንዴ? የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ከዚያ ጋራዥ የሚወጣውን ሥራ ማን እንደሚሠራው የማናውቅ መሰለሽ?" አለኝ።

አባዬ፣ ይህን ልጽፍልህ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን እኔም አንተም እናውቀዋለን። አንተ ወንበርህ ላይ ሆነህ "እዚያ ጋ፣ ቀስ" ትላለህ፣ እኔ እመታለሁ። ደንበኛ ሲገባ መዶሻውን ከእጄ ትቀበለኛለህ። ሲወጣ ትመልስልኛለህ። ያኔ ቅር አላለኝም፤ ጋራዡ ይቁም ብዬ ነው።

ስለዚህ "ተቆረጠ፣ ተሳበ፣ ተበየደ" እያልኩ የጻፍኩልህ ሁሉ ቆረጥኩ፣ ሳብኩ፣ በየድኩ ማለት ነው። የበሳሁትም እኔ ነኝ፣ የሞላሁትም እኔ ነኝ። ክዳኑን ብቻዬን ማንጠልጠል ሲያቅተኝ ፈጣኑ ያዘልኝ። ሻይም እኔው አፈላሁለት።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ትርኢቱ ላይ ሰው መጠየቁ አይቀርም። "ማን ሠራው?" ሲሉህ እኔን ጥራኝ። ስሜን እንኳ ባትል "ሴት ልጄ" በል፣ ይበቃኛል። ካንተ አፍ ከወጣ ሰው ያምናል። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? እንዲህ እየተመለሱ ከሄዱ ይህ በር እስከ ክረምት ክፍት አይቆይም። ሌላ ምንም አልፈልግብህም።

ልጅህ


ታኅሣሥ 24

ይድረስ ለልጄ፣

አልተቆጣሁም።

ፎቶውን አውጥቼ እንደገና አየሁት። ረጅሙ ግራኝ ነው፤ ብየዳ ሲፈጭ መስመሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብልበታል። ይሄ ግን ቀጥ ያለ ነው። እንዴት አላየሁትም? ማየት የፈለግሁትን ነው ያየሁት። አሁን ሳየው የእጅሽን ክብደት አውቀዋለሁ።

እናገራለሁ። ቃሌ ነው። በሙሉ ድምፄ እናገራለሁ፤ የደንቆሮ ድምፅ ደግሞ ትልቅ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ድምፅ ማጉያም አልፈልግ።

መኪናዋን አሁኑኑ ለፈጣኑ ስጪው፤ አለዚያ ቀለሙ የሚደርሰው ለመጪው ዓመት ትርኢት ነው። ከኋላው ቆመሽ አስቀቢው፤ ብቻውን ከተውሽው ያንቀላፋል።

አንቺም ነይ። ወንድምሽ ሊወስዳት ሲመጣ አብረሽው ነይ። ነጩን ሸሚዜን አስተኩሼ ሰቅዬዋለሁ።

አባትሽ


ጥር 9

ይድረስ ለአባዬ፣

ይህችን አጭር ወረቀት የሚያደርስልህ ራሱ ጋሼ ነው።

ለምን አልመጣችም ትላለህ። ጋሼ ሁለት ወዳጆቹን ይዞ ነው የመጣው፣ ዕቃቸውም ብዙ ነው። "ቦታ የለም፤ ደግሞስ ጋራዡን ለማን ትተሽ ትመጫለሽ?" አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ፈጣኑ ግን ማጽጃ ጨርቁን ይዞ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ከትርኢቱ በፊት መኪናዋን እንዲወለውላት ጋሼ ጠርቶታል።

ስትደርስልህ ዓይንህን ጨፍነህ ጀርባዋን ዳስሳት። መጋጠሚያውን ካገኘኸው ጻፍልኝ።

የነገርኩህን አደራ።

ልጅህ


ጥር 24

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ።

የትርኢቱን ወሬ ሰምቼ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ሰምቻለሁ። ፈጣኑ ተመልሷል። መጀመሪያ ሊነግረኝ አልፈለገም፤ "ጥሩ ነበር፣ ብዙ ሰው ነበር" ብሎ የቀለም ቆርቆሮውን ማማሰል ጀመረ። ያ ሰው ወሬ ይዞ ዝም ሲል አይቼው ስለማላውቅ ፊቱ ቆምኩበት።

የነገረኝ ይህ ነው። መኪናዋ አንደኛ ወጥታለች። ዳኞቹ ጀርባዋን በመብራት ፈትሸው መጋጠሚያውን ማግኘት አቅቷቸዋል። እርስዎን መድረክ ላይ አወጡዎት፣ ጋሼም አጠገብዎ ቆመ። ምራትዎና ወላጆቿ ከፊት ተቀምጠዋል። ጆሮዎ እንደማይሰማ የተነገረው አስተዋዋቂ ጥያቄውን በትልልቅ ፊደል ጽፎ አሳየዎት። ፈጣኑ ከታች ሆኖ አንብቦታል። "ይህን የኋላ ላሜራ የገጠመው ማን ነው?" ይላል። ስለዚህ አልሰማሁም አይሉኝም።

ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው "ልጄ ነው" አሉ።

ልጄ ነው። አስተዋዋቂው ወደ ጋሼ እያመለከተ በእጁ ሲጠይቅዎ ራስዎን ነቀነቁ። ሰዉ አጨበጨበ። ጋሼ እጁን አነሣ።

"ናት" ማለት ነበረብዎ። ይህችን አንዲት ቃል ነው የለመንኩዎ፣ ቃልዎንም ሰጥተውኝ ነበር። ወይ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ስለ እጅዎ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። መዶሻውን ከእጄ ሲቀበሉኝ ዓመታት ዝም ብያለሁ። አንድ ቀን ለእኔ ይናገሩልኛል ብዬ ነበር።

ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ትናንት አንድ ደንበኛ ጋዜጣውን ይዞ መጣና "ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው?" አለኝ። ድሮ የሚጠብቁት እርስዎን ነበር፤ አሁን ደግሞ ጋሼን ሊጠብቁ ነው።

ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ


የካቲት 10

ይድረስ ለልጄ፣

አንቱ ብለሽ ጻፍሽልኝ። የሌላ ሰው ደብዳቤ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። ሕፃን ሆነሽ እናትሽ "አባትሽን አንቱ በይ" ስትልሽ ተያት ያልኩት እኔ ነበርኩ። አንተ ስትይኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወንድምሽ አንቱ ነው የሚለኝ፤ ከሱ ለምጄዋለሁ። ካንቺ ግን አልቻልኩትም።

ጥያቄው ራሱ "የገጠመው" ነው የሚል። በወንድ ነው የተጻፈው፤ እንደተጻፈው መለስኩ። ይህን ስጽፈው ለራሴም አላጠገበኝ፤ ግን ጻፍኩት።

ሌላውን ልንገርሽ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ወንድምሽ ትከሻዬን ይዞኛል። ከመድረኩ ሥር የምራቴ አባትና እናት፣ የሱም ወዳጆች በሙሉ ተቀምጠዋል። ለካ ለሁሉም "ከአባቴ ጋር ሆኜ ሠራኋት" ብሎ ነግሯቸው ኖሯል። እነዚያ እሑድ እሑድ እጄን የሚጨብጡኝ ሰዎች፣ እኔ ሳልሰማ ራሴን የነቀነቅኩላቸው፣ ያን ነበር የሚያደንቁት። ናት ብል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሚያፍረው እሱ ነው። ማታ እራት የምቀርበው ከሱ ጋር ነው፤ የምተኛው በሱ ቤት ነው። አንቺ ደግሞ ሩቅ ነሽ። እሷ ትችለዋለች አልኩ። አንቺ ሁልጊዜ ትችያለሽ።

ዋንጫው ሳሎን ተቀምጧል። የኔና የወንድምሽ ስም ተጽፎበታል። ምራቴ ትወለውለዋለች። በዚያ በኩል ማለፍ አልወድም።

ወንድምሽ የላከው መልእክት አለ። ትርኢቱን ያዩ ሰዎች የመኪናቸውን ላሜራ ማስለወጥ ፈልገዋል። ወደ አንቺ ይልካቸዋል፤ "እሷ ትሥራው፣ እኔ እቆጣጠራለሁ" ይላል። እንደምትናደጂ አውቃለሁ፤ ያድርሱልኝ ብሎኝ ነው።

ያቺ ከጋራዡ ጀርባ ያለችው ክፍሌ ባዶ ናት? እዚህ ደከመኝ። ምንጣፍ ላይ መራመድ ሰለቸኝ፣ የራሴን ኮቴ እንኳ አይነግረኝም። ብመጣ ታስገቢኛለሽ? ብቻ አንቱ አትበይኝ።

አባትሽ


መጋቢት 3

ይድረስ ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል።

በሁለተኛው የጠየቁኝ እውነት ነው። ስምዎ የነበረበትን የበሩን ጽሑፍ አስጠፍቻለሁ። ፈጣኑ እንደ ልማዱ ሳምንት ፈጅቶ አዲስ ጽፎልኛል። "ላሜራ ሥራ" ብቻ ይላል። የእርስዎ ስም የለበትም፣ የኔም የለበትም።

ጋሼ ከላካቸው ሰዎች አንዱ መጥቶ ነበር። መልካም ሰው ነው፣ መኪናውም ቆንጆ ናት። "ወንድምሽ መቼ ይደርሳል?" አለኝ። "አይደርስም። እዚህ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ያቺንም የሠራኋት እኔ ነኝ" አልኩት። አየኝ፣ ሳቀ፣ ቀልዴን እንደወደደልኝ ነገረኝና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ለጋሼ ይንገሩልኝ፤ በሱ ስም የሚመጣ መኪና ከእንግዲህ እዚህ አይገባም። ያለኝ ሥራ ትንሽ ነው፤ የታክሲ በር፣ የቆሻሻ ሰብሳቢ መኪና መከላከያ። እስከ ክረምት ካደረሰኝ አደረሰኝ፤ ካላደረሰኝም ዘግቼ ሰው ዘንድ እቀጠራለሁ።

ሰው ዘንድ ስቀጠር "ማን አስተማረሽ?" ይሉኛል። እሱንም አልደብቅም።

ክፍልዎ ባዶ ናት። ጠርጌአታለሁ፣ የተሰበረውን መስታወትም አስገብቻለሁ። ይምጡ። አባቴ ነዎት፤ ከበር አልመልስዎትም። አብረን እንበላለን፣ ሲያምዎት አስታምምዎታለሁ። ሥራው ላይ ግን አይገቡም። ደንበኛ ሲመጣ መዶሻውን ከእጄ ለመቀበል እጅዎን ከዘረጉ፣ ያን ቀን መለያየታችን ነው።

አንቱ አትበይኝ ብለዋል። ሞክሬ ነበር። "አንተ" ብዬ የጀመርኩትን ወረቀት ቀድጄ ይህን ጻፍኩ። ይመለስ እንደሆነ አላውቅም፤ ይመለሳል ብዬ አላታልልዎትም።

የጠዋቱን አውቶቡስ ይያዙ፤ ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ፣ በሩ ላይ ያወርድዎታል። ጋራዡ ውስጥ ተቀምጠው ሲያዩዎት ሰዎች "ማን ናቸው?" ማለታቸው አይቀርም። "አባቴ ናቸው" እላለሁ። እኔ ስጠየቅ ቃሉ አይጠፋኝም።

ልጅዎ